በእናት የተቆጠረ ዘር

ፍኖተ ሰላም፣ ጥቅምት 12 ቀን 1978 ዓ.ም.

ለእህቴ ለሀብትነሽ ልጅ፣ ለሸጋዬ ክንፈሚካኤል። ያለሽበት አገር ብርዱ ይቅለልልሽ፤ የእናትሽ ጸሎት ከፊት ከኋላሽ ይቁም። እንደምን ከርመሻል? እኔ አክስትሽ ጌጥነሽ እስከ ዛሬ አልሞትኩም።

ይህን የጻፍኩት በገዛ እጄ ነው። እስከ አምና የሚጽፍልኝ ሰው ነበር፤ ሰላምታው ላይ እጁ ይረዝማል፣ ሐዘኔ ላይ ስደርስ ግን «ይህ አያስፈልግም፣ ባጭሩ ደህና ነን እንበል» ይለኛል። ስለዚህ ሰባት ዓመት ሙሉ ደህና ነን ብዬሻለሁ። በመሠረተ ትምህርት ገብቼ በሃምሳ ስምንት ዓመቴ ፊደል ቆጠርኩ። አስተማሪዬ የልጅ ልጄ የምታህል ነበረች፤ «ለአገር ዕድገት ነው እማማ» ስትለኝ «እሺ» እላታለሁ። እኔ የተማርኩት ግን ያ ሰው ያስቀረብኝን ልጽፍልሽ ነው።

የምታውቂውን ላስታውስሽ። ልጆቼ ቸኮለና ሙጬ በየተራ ሲታወሩ አንቺ የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ነበርሽ። የአባታቸው የደርበው አያት ዕውር ስለነበር ሽማግሌዎቹ «ከአጥንቱ የመጣ ነው» አሉ። እኔም በቤተ ክርስቲያን ደጅ፣ ሕዝብ በቆመበት፣ «አጥንትህ ዕውር ነው» ብዬ ፈታሁት። ሁለቱ ልጆች ቡሬ ገጠር ከአባታቸው ዘንድ ቀሩ። ከዚያ ወዲህ ለደርበው ልጁን የሚሰጥ ሰው አልተገኘም። እኔ ዘር መርጬ ተስፋውን አገባሁ። የተስፋው አባት በዘጠና ዓመታቸው መርፌ ውስጥ ክር ያስገቡ ነበር።

ነፍሱን ይማረውና፣ ከተስፋው የወለድኩት ደረሰ አሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ነው። ሰኔ ላይ «እማዬ፣ ፊትሽ መሃሉ ጭስ ሆነብኝ» አለኝ። ሻሼና ጆሮዬ ይታዩታል፤ መሃሉ የለም። የምሸጠው በርበሬ ብናኝ ነው ብዬ ጆንያውን ሁሉ ከቤት አወጣሁ። ጭሱ አልወጣም። አሁን በሁለቱም ዓይኑ ነው።

ከቤት አይወጣም። ሰፈርተኛው ከውትድርና ምልመላ የተደበቀ ይመስለዋል። ይምሰለው። ታናሽ እህቱን ጥሩዬን ዘሩ የሚባል የቡሬ ሰው ለልጁ ሊጠይቅ አስቧልና፣ ዳግመኛ ዕውር ከቤቴ ወጣ ከተባለ ማንም አይወስዳትም። ይኸው ነው ጭንቄ። ዓይኑ የሚያይ ሌላ ልጅ የለኝም፤ የተረፈችኝ እሷ ናት።

ለዓይን የሚሆን መድኃኒት ላኪልኝ። ደግሞስ እዚያ የምትሠሪው ምንድን ነው? ሰው ሲጠይቀኝ «ሐኪም ናት» እላለሁ፤ እየዋሸሁ ይሁን አይሁን ግን አላውቅም። መቼስ ነው የምታገቢው? ሠላሳ ሦስት ሞላሽ።

አክስትሽ ጌጥነሽ


ሌኒንግራድ፣ ጥር 3 ቀን 1978 ዓ.ም.

ለተከበሩ አክስቴ ለእታለም ጌጥነሽ። ጉልበትዎን ስሜ እጅ እነሳለሁ። ፈጣሪ ጤናዎን ይጠብቅልኝ።

ፖስታውን ስከፍት ጽሕፈቱ የማን እንደሆነ አላወቅሁትም ነበር። የእርስዎ መሆኑን ሳውቅ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። ከዚያ ስለ ደረሰ አነበብኩ።

እታለም፣ እኔ ሐኪም አይደለሁም። የማውቀውን የዓይን ሐኪም ጠይቄ ቅባት ልኬልዎታለሁ፤ ነገር ግን ይጠቅማል ብዬ አልዋሽዎትም። እኔ የማጠናው በዓይን የማይታዩ ፍጥረታትን ነው። ከኩሬ አንድ ጠብታ ውኃ ቢወስዱ ውስጡ ስንት ሕይወት አለ መሰለዎት! የአንዱ ፍጥረት መላ አካል አንዲት ሕዋስ ብቻ ናት። እጅ የለው እግር የለው፤ ግን ይበላል፣ ይሸሻል፣ ይባዛል። የእኛም ገላ ብዙ ሕዋሶች ተሰብስበው የሠሩት ነው። በእያንዳንዷ ሕዋስ ውስጥ ደግሞ ሚቶኮንድሪያ የሚባሉ ጥቃቅን ነገሮች አሉ። እንደ ምድጃ ያስቧቸው፤ የምንበላውን አቃጥለው ጉልበት የሚሰጡን እነሱ ናቸው።

ከሰውም ከዛፍም በፊት፣ እነዚህ ለብቻቸው የሚኖሩ ባክቴሪያዎች ነበሩ ብለን እናስባለን። አንዲት ተለቅ ያለች ሕዋስ አንዱን ዋጠችው፤ ሳትፈጨው ቀረች። የተዋጠውም ሳይሞት ውስጥ ሆኖ መሥራት ጀመረ። ከዚያ ወዲህ ተለያይተው አያውቁም። እኔ ይህ እንዴት እንደሆነ ከባለ አንድ ሕዋስ ፍጥረታት ላይ እከታተላለሁ። ከማሳድጋቸው አሜባዎች አንዱ ዓይነት እነዚህ ምድጃዎች የሉትም፤ ስለዚህ አየር በሌለበት ጭቃ ውስጥ ተደብቆ ይኖራል።

አሁን ልጠይቅዎ። የደረሰ ዓይን ሲጠፋ ሕመም ነበረው? አንደኛው ዓይን ቀድሞ ሁለተኛው ተከተለ? የቸኮለና የሙጬስ እንዲሁ ነበር? ከእርስዎ ወንድሞች ወይም ከአጎቶችዎ እንዲህ የሆነ ሰው ነበር?

ልጅዎ ሸጋዬ


ፍኖተ ሰላም፣ ግንቦት 9 ቀን 1978 ዓ.ም.

ለሸጋዬ። የቀደሙት አባቶች ምርቃት ይድረስሽ። ቅባቱ ደረሰ፤ ለአርባ ቀን ቀባሁት። ፊቱ ወዛ እንጂ ዓይኑ አልበራም።

የኩሬሽን ነገር ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ዮናስንም ዓሣ አንበሪ ውጦት አልፈጨውም፤ ግን በሦስተኛው ቀን ተፋው። የአንቺው ሳይተፋ መቅረቱ ነው ልዩነቱ። እንዲያው ልጄ፣ ኩሬ ለማየት ነው ይህን ያህል አገር የተሻገርሽው? በክረምት እኔ ደጅ የቆመው ውኃ ላንቺ መንግሥት ነው።

ለጠየቅሽኝ፦ ሕመም የለውም። ግራው ቀደመ፣ ቀኙ በሁለተኛው ወር ተከተለ። ቸኮለም እንዲሁ ነበር። በእርሻ ላይ እያለ «በሬዎቹ ወዴት ሄዱ?» አለ፤ በሬዎቹ ከፊቱ ቆመዋል። አንገቱን ዘወር ሲያደርግ ቀንዳቸው በጎን ይታየዋል፣ ቀጥ ብሎ ሲያይ ይጠፉበታል። አባቱ ተሳልቆ «ወደ ጎን እያየ የሚያርስ አራሽ ዛሬ አየሁ» አለው። ሳምንት ሳይሞላ ስላቁ አለቀ።

አጎት ወንድም እያልሽ ምን ያስቆፍርሻል? በእኛ ቤት ዕውር አልነበረም። ደርበው ነው። ሳይረግመኝ አልቀረም፤ በደጀ ሰላም ያዋረድኩት ቀን አንድም ቃል አልመለሰልኝም፤ ዝም ያለ ሰው እርግማኑ ይይዛል። በተስፋው ልጅ ላይ የወጣብኝ እሱ ነው።

በመጋቢት መልማዮቹ መጥተው ደረሰን ወሰዱት። «ዓይኔ አያይም» ቢላቸው «ሁሉም እንዲህ ይላል» አሉት። በሦስተኛው ሳምንት በገዛ እግራቸው መለሱት፤ በሰልፍ ሲሄድ ከፊቱ ያለውን ልጅ ስቶ ቦይ ውስጥ ገብቶ ነበር። ጎረቤቴ ምን አለችኝ መሰለሽ? «አንቺስ ታደልሽ፣ ልጅሽ ቤት ቀረልሽ። የእኔ ሁለቱ የት እንዳሉ አላውቅም።» እንግዲህ ዕውር መውለድም ይቀናበታል።

ስለ ማግባትሽ አልመለስሽልኝም።

ጌጥነሽ


ሌኒንግራድ፣ ኅዳር 20 ቀን 1979 ዓ.ም.

ለተከበሩ አክስቴ። እንደምን ሰነበቱ? ስለዘገየሁ ይቅርታዎን እለምናለሁ። ሥራ በዝቶብኝ ነበር።

አንድ ነገር ያድርጉልኝ። የእናት ወገናችንን ይቁጠሩልኝ፤ በአባት ሳይሆን በእናት ብቻ። እርስዎ፣ እናትዎ፣ የእናትዎ እናት፣ እስከሚታወቅ ድረስ ወደ ላይ። ከእያንዳንዷ ሴት ጎን ወንድሞቿንና ወንዶች ልጆቿን ይጻፉ፤ ዓይናቸው የጠፋ ካለ ምልክት ያድርጉበት። ስለ አባቶቹ አይጨነቁ።

እነዚያ ምድጃዎች ያልኩዎት፣ ከቀረው ገላችን የተለየ የራሳቸው ትንሽ የዘር ጽሑፍ አላቸው። ከባዕድ ስለመጡ ያንን ጽሑፍ እስከ ዛሬ ይዘውት ይኖራሉ። ስለዚያ ነው የምጠይቅዎ። ለሥራዬ ነው።

ለጥሩዬ ሹራብ ልኬላታለሁ። ትምህርቷን እንዳታቋርጥ ይንገሩልኝ። ለማግባትም አትቸኩል።

ሸጋዬ


ፍኖተ ሰላም፣ የካቲት 27 ቀን 1979 ዓ.ም.

ለሸጋዬ። ጾሙን በሰላም ያስፈጽምሽ፤ ትጾሚ እንደሆነ።

ቡሬ ገጠር ወርጄ የእናቴን እህት እማሆይ ንግሥቴን አገኘኋቸው። ዘጠና ሊሞላቸው ነው፤ ምላሳቸው ግን የሃያ ዓመት ነው።

«የማንን ጋብቻ ልታፈርሺ መጣሽ? ሰባት ቤት ልቁጠርልሽ?» አሉኝ። በአባት ከሆነ እንደ ዳዊት ያወርዱታል።

«በእናት በኩል ነው። ሴቶቹን ብቻ።»

«ሴት ምን ትቆጠራለች? ሴት ለሰው ቤት ናት።»

«ይቁጠሩልኝ እማሆይ።»

«እንግዲህ አንቺን ቻይነሽ ወለደችሽ። እኔንና ቻይነሽን እናኑ ወለደችን። እናኑን የወለደቻት...» ብለው መቁጠሪያቸውን ሁለት ጊዜ አዞሩት። «ወይ ጉድ! የአያቴን ስም አላውቀውም። የአባቷን አባት ግን አውቀዋለሁ፣ ጎበዝ ፈረሰኛ ነበር።»

«ወንድም ነበራችሁ?»

«ውበቱ ነበረ እንጂ። በሃያ ሁለት ዓመቱ ምች መትቶት ዓይኑ ጠፋ። አንቺ ሳትወለጂ ሞተ።»

«የእናኑስ ወንድም?»

«እሱማ ምቀኛ መድኃኒት አድርጎበት ነው የታወረው።»

«ለምን ሳትነግሩኝ ኖራችሁ?»

«ማን ጠየቀን? አጥንት ያባት ነው። የአጎትሽ ምች አንቺን ምን ያገባሻል?»

ለእያንዳንዱ ዕውር አንዳንድ ሰበብ ነበራቸው። ወረቀት አውጥቼ ጻፍኩ፤ ከላይ እናኑ፣ ከሥሯ ንግሥቴና ቻይነሽ፣ ከቻይነሽ ሥር እኔና እናትሽ ሀብትነሽ። እማሆይ ንግሥቴ መካን ናቸው። እናትሽ ካንቺ በቀር አልወለደችም። ከዕውሮቹ ጎን መስቀል አደረግሁ። አምስት መስቀል ሆነ። በዕድሜዬ የጻፍኩት ረጅሙ ጽሑፍ ይኸው ነው። አይቼ አጠፍኩት። ግልባጩን ልኬልሻለሁ።

ስመለስ መንገዴ በአዲሱ መንደር ነበር። የገበሬውን ቤት እያፈረሱ በመስመር አሰልፈው ሠርተውታል፤ ደርበውንም ከልጆቹ ጋር አምጥተውታል። ሙጬ የሰው አጥር እየዳበሰ «የኛ ነው? የኛ ነው?» ይላል። ሠላሳ ዓመት በእግሩ ያወቀው ደጅ የለም። ሳልጠራው አለፍኩ።

አሁን ስሚኝ። ዘሩ ሽማግሌ ልኳል። ልጁ መምህር ነው፣ ጥሩዬም ወዳዋለች። ግን ስለ ደረሰ ወሬ ደርሶታል፤ «የዓይኑን ነገር አጣሩልኝ» ብሏል። ማኅተም ያለበት ደብዳቤ ጻፊልኝ። የልጆቼ ዓይን የጠፋው በደርበው አጥንት ነው፣ ደረሰም በድንገት የታመመ ነው፣ ጥሩዬን አይነካትም ብለሽ ጻፊ። የመስኮብ አገር ማኅተም ካየ ዘሩ ያምናል። ሌላ አልለምንሽም። ወረቀቱንም ስለ ምን እንደፈለግሽው አልጠይቅሽም።

ጌጥነሽ


ፍኖተ ሰላም፣ መስከረም 15 ቀን 1980 ዓ.ም.

ለሸጋዬ። ዘመኑን የምሕረት ያድርግልሽ። ስድስት ወር ጠበቅሁሽ። ደብዳቤው ጠፍቶ ይሆናል ብዬ ፖስታ ቤት ሄጄ ጠየቅሁ፤ የሌላው ሰው ሁሉ ይደርሳል።

ማኅተምሽን ትቼዋለሁ። ዘሩ ራሱ መጥቶ ደረሰን አየው። «ምን ሆነህ ነው ልጄ?» አለው። ደረሰ አፉን ሳይከፍት እኔ ቀደምኩ፤ «ለውትድርና ወስደውት በማሠልጠኛ ጭንቅላቱን ተመቶ ነው» አልኩ። ዘሩ ራሱን ነቀነቀ። «ስንቱን ልጅ አበላሹት» ብሎ ከንፈሩን መጠጠ፤ እንባም መጣው። የእሱም ታናሽ ልጅ ሰሜን ነው። እንዲህ ያለ ውሸት በዚህ ዘመን ያለ ምስክር ይታመናል። ደረሰ እንግዳው ሲወጣ «እማዬ፣ ማን መታኝ?» አለኝ። «ዝም በል» አልኩት።

ሠርጉ ጥር 15 ቀን ነው። ከዚያ በፊት የምትይው ካለሽ በይ።

ጌጥነሽ


ሌኒንግራድ፣ ኅዳር 8 ቀን 1980 ዓ.ም.

ለእታለም ጌጥነሽ። ይህን ደብዳቤ ዘጠኝ ጊዜ ጽፌ ቀድጄዋለሁ።

የላኩልኝን ዝርዝር ጠረጴዛዬ ላይ አድርጌ ከረምኩ። አምስት መስቀል፤ ቸኮለና ሙጬ ብቻ አባት ይጋራሉ፣ የቀሩት አባታቸው የተለያየ ነው። የሚያገናኛቸው የእናት መስመር ነው።

እነዚያ ምድጃዎች፣ ሚቶኮንድሪያዎቹ፣ ከአባት አይመጡም። ልጅ ሲጸነስ የአባትየው አይዘልቁም፤ የሚወረሱት ከእናት ብቻ ነው። በጥንት ዘመን የተዋጠው ያ ባዕድ በሴቶች ብቻ እየተላለፈ እዚህ ደርሷል። በውስጡ ያለው ጽሑፍ አንድ ቦታ ላይ ከተሳሳተ ምድጃው ይደክማል። ዓይንን ከአእምሮ የሚያገናኘው ጅማት ብዙ ጉልበት የሚፈልግ ነውና ቀድሞ የሚሞተው እሱ ይመስለኛል። እንዲህ ያለ ዕውርነት በእናት እንደሚወረስ በሌላም አገር ታይቷል። ስሕተቱ ይህ ነው ብሎ በጣቱ ያሳየ ሰው እስካሁን የለም፤ እኔ ግን አምኛለሁ።

በግልጽ ልጻፈው። ደርበው ከዚህ ነገር ንጹሕ ነው። አያቱ በሌላ በሽታ ታውረው ይሆናል። ቸኮለ፣ ሙጬና ደረሰ ቢወልዱ ለልጆቻቸው አያስተላልፉም። ጥሩዬ ግን ታስተላልፋለች፤ ለወንዱም ለሴቷም። ወንዶቹ ሁሉም አይታወሩም፤ ከፊሉ ይተርፋል፣ ማን እንደሚተርፍ አይታወቅም። ሴቶቹ ብዙ ጊዜ ያያሉ፤ እነሱ ደግሞ ለልጆቻቸው ያወርሳሉ። መድኃኒት የለውም።

ከመጋባታቸው በፊት ለጥሩዬ ይንገሯት። እርሷም ልጁም ያውቁ፤ ከዚያ ራሳቸው ይወስኑ። እለምንዎታለሁ።

ዝም ያልኩት ስለ እርስዎ ብቻ አዝኜ አይደለም። እናቴ እህትዎ ናት። ወንድ ልጅ ስላልነበራት አልታወቀባትም እንጂ እኔም በዚያ ዝርዝር ውስጥ አለሁ። ስለ ጋብቻ ሲጠይቁኝ ያልመለስኩት ሰው ስላጣሁ አልነበረም። ሰው ነበረኝ። ዝርዝርዎ በደረሰኝ ወር ተለያየን፤ ልጅ ይፈልግ ነበር። እኔ አልወልድም። ይህን ከእርስዎ በቀር ለማንም አልነገርኩም።

ልጅዎ ሸጋዬ


ፍኖተ ሰላም፣ ኅዳር 18 ቀን 1981 ዓ.ም.

ለሸጋዬ። እንደምን አለሽ አልልሽም፤ እንዴት እንዳለሽ ጽፈሽልኛል።

ደብዳቤሽ የደረሰኝ ከሠርጉ ሁለት ቀን ቀድሞ ነው። ከፖስታ ቤት ይዤው ስገባ ጥሩዬ እጅና እግሯን እንሶስላ ታስራ፣ ጓደኞቿ ከበዋት ተቀምጣለች። «ከእታለም ሸጋዬ ነው? እጄ ታስሯል፣ አንብቢልኝ» አለችኝ። «ረጅም ነው፣ ከሠርጉ በኋላ ይሻላል» አልኳት። ሳልከፍት ከበርበሬው ጆንያ ሥር አኖርኩት። ያ የድሮ ጸሐፊዬ ቢሆን ኖሮ ቀዶ ያነበው ነበር፤ እኔም ሰምቼ አልሰማሁም ማለት አልችልም ነበር። ለካ ፊደል ማወቅ አለማንበብንም ይጨምራል።

ልጅቱ ከሄደች በሦስተኛው ቀን ከፈትኩት። አዲስ ነገር አላገኘሁበትም። እማሆይ ንግሥቴ ደጅ ላይ አምስተኛውን መስቀል ሳደርግ አውቄዋለሁ። ስለዚህ ዘገየሁ ብለሽ አታልቅሺ። ብትፈጥኚም ያው ነበር። ዘር መርጬ ባል የለወጥኩ ሴት ነኝ፤ የዕውሩ ዘር እኔው ነኝ ብዬ በሠርግ ዋዜማ እንዴት ላውጅ? አንቺ እውቀትሽ ለራስሽ በጊዜው ደረሰልሽ። በዚህም ቀናሁብሽ፤ እግዜር ይይልኝ።

በሚያዝያ ደርበው ዘንድ ሄድኩ። ደጁ ላይ በቆሎ ይፈለፍላል። ቸኮለና ሙጬ ግራና ቀኝ ተቀምጠው እነሱም ይፈለፍላሉ፤ ለዚህ ዓይን አያስፈልግም።

«ማነው?» አለ ቸኮለ።

«እናትህ ናት። የከተማ ሽቶ ሸተተኝ» አለ ደርበው። ሽቶ ቀብቼ አላውቅም።

ልጆቹን ወደ ውስጥ እንዲያስገባቸው ለመንኩት። «ከእነሱ የምደብቀው ምን ቀረኝ?» አለ። ቢሆንም ገቡ።

«የልጆቹ ዓይን ባንተ አይደለም የጠፋው። በእኔ ነው። በእናቴ ወገን ነው» አልኩት።

እጁን አላቆመም። «ማን አለሽ?»

«የሀብትነሽ ልጅ።»

«መስኮብ ቁጭ ብላ? በምን አየችው?»

«በኩሬ ውስጥ በሚኖር ፍጥረት ነው የምታውቀው።»

ሳቀ። ደርበው ሲስቅ ካየሁ ሠላሳ ዓመት ይሆናል። ከዚያ በቆሎውን አስቀመጠና ፊቴን አየኝ። የጠራ ዓይን ነው ያለው፤ በሰባ ዓመቱ።

«ለማን ነገርሽ?»

«ላንተ መጀመሪያ ነው። የፊታችን እሑድ በዚያው ባዋረድኩህ ደጅ ቆሜ ለሕዝቡ እናገራለሁ። ስምህን እመልስልሃለሁ።»

«ልጅሽ አርግዛለች አሉ።»

«አዎ።»

«ዘሩ ይህን ሲሰማ በቤቱ የሚያስቀምጣት ይመስልሻል? ከነሆዷ ይመልስልሻል። ሆዷ ውስጥ ያለውንስ ማን አባት ይሆነዋል? ዕውር አጥንት እየተባልኩ ሃያ ሦስት ዓመት ኖርኩ። እኔ ለምጄዋለሁ፣ እሷ አልለመደችውም።»

«የኔ ልጅ እንጂ ያንተ አይደለችም እኮ» አልኩት። ይህን ማለት አልነበረብኝም።

«አይደለችም። ስለሷ ብዬም አይደለም። ቤት ሲፈርስ ሰምቼ አውቃለሁ፣ ድምፁን አልወደውም።»

«እንግዲያው ይቅር በለኝ።»

«አልልሽም» አለ። «ይቅር ካልኩሽ ቀለል ይልሽና ለሰው ትናገሪያለሽ። ይዘሽው ሂጂ። እኔ ተሸክሜው የኖርኩትን ትንሽ ተሸከሚልኝ።» ከዚያ «ሙጬ፣ ኑ ውጡ፣ በቆሎው አላለቀም» ብሎ ተጣራ። እኔም ወጣሁ። እሑድ ቤተ ክርስቲያን ስሜ ተመለስኩ፤ አልተናገርኩም። ሰዎቹ ዛሬም ደርበውን ሲያዩ ልጆቻቸውን ወደ ኋላ ይስባሉ።

ጥሩዬ በጥቅምት ወንድ ልጅ ወለደች። ትናንት አርባኛ ቀኑ ነበርና ክርስትና አስነሣነው። ዘሩ ሕፃኑን ወደ ብርሃን አንሥቶ ለዘመድ ሁሉ አሳየ። «ይህን ዓይን እዩልኝ! የእኛ አጥንት ነው፤ ጭልፊት ነው የወለድነው» አለ። ሁሉም እልል አሉ። ልጁ ገና ነው፤ የትም አላየም። እኔ ግን መሃሉን ይሆን ዙሪያውን ብዬ ዓይኑን ተከተልኩት። እንግዲህ ሃያ ዓመት እንዲህ እየተከተልኩ መኖሬ ነው፤ ያን ያህል ዕድሜ ደግሞ የለኝም። እኔና ደርበው ስናልፍ የምታውቂው አንቺ ብቻ ትሆኛለሽ።

ከእንግዲህ ስለ ዓይን አትጻፊልኝ። ጥሩዬ እዚህ ስትመጣ ደብዳቤዎችሽን ፈልጋ ታነባለች። የመጨረሻውን አቃጥዬዋለሁ። ስለ ኩሬው ጻፊ፤ ስለዚያ ጭቃ ውስጥ ስለሚኖረው፣ ምድጃ ስለሌለው። እሱን ስታነብ ትስቃለች።

ሰዉ ከተበተነ በኋላ አጠገቤ ተቀመጠች። ወፍራለች፣ አምሮባታል። ራሷን ትከሻዬ ላይ ጥላ «ወንድ ሰጠን፣ እግዜር ይመስገን። የሚቀጥለው ሴት ብትሆንልኝ ደስ ይለኛል። እንዳንቺ እንደኔ እየተተካካን እንድንሄድ፤ አሜን በይኝ» አለችኝ።

አሜን አልኳት።

አክስትሽ ጌጥነሽ